ሁለተኛው መርገጫ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ አንድም ቀን ከጋቢና ወርዶ አያውቅም። ይዘል ነበር እንጂ። በሩን ይከፍታል፣ ሁለተኛው መርገጫ ላይ አንድ እግሩን ያሳርፋል፣ ፊቱን ወደ ሰፈሩ ያዞራል፣ ከዚያ ዱብ። ሹፌሮቹ ስሙን ረስተው ጋሽ ዱብ ነበር የሚሉት። እኛ እቤት ሆነን መጀመሪያ የፍሬኑን ትንፋሽ እንሰማለን፣ ቀጥሎ ዱቡን። እናቴ ከምድጃው ዞር የምትለው ዱቡን ስትሰማ ብቻ ነበር። ፍሬኑ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ዱቡ ግን የእሱ ነው።

ዛሬ አባቴ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛውን በእጁ ይይዛል፣ ትንሽ ያስብበታል፣ ከዚያ ራሱን ይለቃል። በረንዳችን ሦስት ደረጃ ነው ያለው፤ ሦስቱንም በጎኑ ነው የሚወርደው። «ብርድ ነው» ይላል። እናቴም «ብርድ ነው» ትላለች። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እኔም ብርድ ነው እላለሁ። እኛ ቤት ጠራራ ፀሐይም ብርድ ነው።

መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት በር አልረገጥኩም፤ ግን ጋራዥ ውስጥ ዘይት የጠጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የከባድ መኪና መጽሐፍ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታሁ በሁለት ዓመት ጨረስኩት። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በመጀመሪያው ፈተና ነው። ይህን የማወራው ስለጠየቃችሁኝ አይደለም፤ ሳወራው ደስ ስለሚለኝ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ከጋቢና ስለ መውረድ የሚናገር አንድ ገጽ ነበር። ያን ገጽ ያነበብኩ ዕለት ደብተሬን አውጥቼ አንድ ሒሳብ ሠራሁ። ውጤቱን ለማንም አላሳየሁም። ደብተሩን ከፍራሹ ሥር ከተትኩና ወጥቼ ከአባቴ ጋር ስለ ብርዱ አወራሁ።

እንግዲህ የሥራውን ነገር ልንገራችሁ። አምስት የጭነት ድርጅት ገና በሩ ላይ መልሶኛል። አንዱማ ፎርሙን እንኳ አልሰጠኝም፤ «ለባልሽ ነው?» ነው ያለኝ። ስድስተኛው ብቻ «ፈተናችንን ያለፈ ይነዳል» አለ። በዓመት አንዴ ነው የሚቀጥሩት። ዘንድሮ አራት መኪና ገዝተዋል፣ ስለዚህ አራት ወንበር ነው ያለው። የጽሑፉንና የመንዳቱን ፈተና አልፈን የአካል ብቃቱ ላይ የደረስን ሰባት ነን፣ ስድስት ወንድና እኔ። የወደቀ ዓመት ይጠብቃል። ሰባተኛ ድርጅት ደግሞ ከተማችን ውስጥ የለም።

ለሁለት ወር ተዘጋጀሁ። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ከመሬት እስከ ትከሻ አነሳሁ፣ አወረድኩ። እናቴ «ውሃውን እያንገላታሽ ከምትውይ ለምን ልብስ አታጥቢበትም?» ትል ነበር። መውጣትና መውረዱን የተለማመድኩት በውሃ ታንከራችን መሰላል ላይ ነው፤ እንደ መጽሐፉ፣ ፊት ወደ መሰላሉ። ከመኪና ላይ ግን አልተለማመድኩም። መኪና ሳገኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እዘላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከአባቴ መኪና ሁለተኛ መርገጫ ላይ ዘልዬ ሳርፍ አባቴ «እህ፣ አሁን ሹፌር መሰልሽ» ብሎኝ ነበር። ያቺን ቃል በመንጃ ፈቃዴ አልለውጣትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ገና ጫማዬን ሳስር አባቴ ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ምን ልትሆን? አንተ አትፈተንም።»

«መኪናውን ላየው ነው» አለ። «አንቺን መቼ አጣሁሽ።»

የድርጅቱ ግቢ በሽቦ አጥር የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። ዘበኛው አባቴን ሲያይ «ጋሽ ዱብ፣ አሉ እንዴ?» ብሎ ባዶ ሳጥን ገልብጦ ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠው። እኛ ወደ ውስጥ ገባን። ግቢው መሃል አንድ መኪና ከነተሳቢው ቆሟል፤ ከአጥሩ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ከጎኑ አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ኋላ አንዲት ነርስ፣ ከነርሷ ጎን ደግሞ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር፣ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት። ፈታኟ እሷ ነች። ስሟን አልነገረችንም፤ እኛም ባለፊሽካዋ አልናት።

ሌላው እጁን ኪሱ ከቶ የቆመው የስምሪት ኃላፊው ነው፤ ማን የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጭን የሚወስነው ሰውዬ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «እዚህ ሳጥን እንጂ ፈገግታ አንጭንም» አለ።

«ጥሩ ነው» አልኩት፣ «ፈገግታዬን እቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»

ከኋላዬ የቆመው ተፈታኝ ሳቀ። ይኼ ልጅ ግራ ዓይኑ ያለ እረፍት ስለምትርገበገብ ጓደኞቹ ፍሬቻ ይሉታል። እሱም አይከፋውም፤ «ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ብቻ ተጠንቀቁ» ይላል።

ነርሷ ዓይናችንን፣ ጆሯችንን፣ ደም ግፊታችንን አየች። ለጆሮው ከኋላችን ቆማ በሹክሹክታ ቁጥር ትጠራለች፣ እኛ እንደግማለን።

«አርባ ሰባት» አለችኝ።

«አርባ ሰባት። ዘበኛው ደግሞ አባቴን ስለ መኪናው ዋጋ እየዋሸው ነው።»

«ቁጥሩ ብቻ ይበቃል፣ እህቴ» አለች፤ ፎርሙ ላይ ስትጽፍ ግን ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ቀጥሎ ሳጥን ማንሳት መጣ። ሃያ አምስት ኪሎ፣ ከመሬት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ትከሻ ከፍታ ላይ ወዳለው መደርደሪያ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መሬት፣ አሥር ጊዜ። ጣታችን ላይ የልብ ምት የሚቆጥር መቆንጠጫ ያደርጉልናል፤ ምቱ ከተፈቀደው ካለፈ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ብታወጣውም ወድቀሃል። ወንዶቹ ይህን ረሱት። ከመካከላቸው ግንበኛ የነበረ፣ ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነበር፤ ሳጥኑን እንደ ትራስ ወረወረው። ከቀሩት ወንዶች ሁለቱ ከእሱ ጋር እሽቅድምድም ገቡና ስምንተኛው ላይ ምታቸው ጣሪያ ነካ። ባለፊሽካዋ ፊሽካውን እንኳ አልነካችም። «ልባችሁ ቀድሟችሁ ሄዷል፤ ተከተሉት» ብላ በሩን አሳየቻቸው።

እኔ ሳጥኑን ሆዴ ላይ አስጠግቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ በጭኔ ተነሳሁ። በየመሃሉ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ወሰድኩ። የስምሪት ኃላፊው «ተኝታለች እንዴ?» አለ። አሥሩን ስጨርስ ነርሷ ምቴን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከሁሉም ዝቅተኛው ነበር። ኃላፊው አንድ እጁን ከኪሱ አወጣ። የተሳቢውን መቆሚያ እግር በእጅ ማዞሪያ ማውረድና ማንሳቱን፣ ሸራ ስቦ ማሰሩን፣ ተሳቢ ሥር ተንበርክኮ እጅ ሳይጠቀሙ መነሳቱን እያንዳንዱን አለፍኩ። ሸራውን ሳስር ሁለተኛ እጁም ወጣ።

የቀረን አምስት ሰዎች ነበርን፤ የቀረው ፈተናም አንድ ነበር።

ባለፊሽካዋ መኪናው ጋ ሄዳ በሩን መታ መታ አደረገችው።

«አምስት ጊዜ መውጣት፣ አምስት ጊዜ መውረድ» አለች። «ስትወጡም ስትወርዱም ፊታችሁ ወደ መኪናው። ሁልጊዜ በሦስት ነገር ትያያዛላችሁ፤ ወይ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይ ሁለት እግርና አንድ እጅ። መሪው እጀታ አይደለም። መሬቱም ፍራሽ አይደለም፤ አይዘለልበትም። ያጠፋ ፊሽካ ይሰማል። ፊሽካ የሰማውን ሰው አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ከመለሰ ከአንድ ይጀምራል። ካልመለሰ የዓመት ሰው ይበለን።»

ግንበኛው ቀድሞ ወጣ። ሦስተኛው ላይ እጁ ራሱ ሄዶ መሪውን ያዘና ሰውነቱን በእሱ ሳበ። ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ፊሽካው ጮኸ።

«መሪውን መያዝ ለምን ጥፋት ሆነ?» አለችው።

«ክልክል ነው ስላልሽ፣ እትዬ።»

«እኔ ባልከለክልስ?»

ግንበኛው አሰበ። ትከሻው ሁሉ አብሮት አሰበ። «ባትከለክይማ እይዘው ነበር» አለ።

«መሪ ይዞራል» አለች ረጋ ብላ። «አንተ ስትስበው አብሮህ ይዞርና በጀርባህ ትወድቃለህ። በሚቀጥለው ዓመት ና።» ሰውየው ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። ከሳጥኑ ሁሉ የከበደው ያ ጃኬት መሰለኝ።

አራት ቀረን። ወንበሩም አራት ነው። ፍሬቻ ጆሮዬ ሥር «በቃ እኮ፣ ሳንሞት ብቻ እንውረድ» አለኝ። እሱ አምስቱንም በሥርዓቱ ወጥቶ ወረደ። ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚያው። የእኔ ተራ ደረሰ።

መኪናው የአባቴ የመጨረሻ መኪና ዓይነት ነበር። እጀታው የት እንዳለ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። አንደኛውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ነርሷ «ምቷ ደህና ነው» ስትል ሰማሁ። አምስተኛውን ስወጣ ውስጤ ሞቅ አለኝ። ከጋቢናው ላይ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው፤ የስምሪት ኃላፊው ከነእጆቹ ትንሽ ነው። አምስቱ ድርጅቶች ከነፎርማቸው ከዚያ ወዲያ ትንሽ ናቸው። አባቴ ከሳጥኑ ተነስቶ ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ፈገግ ብሏል።

ሁለተኛው መርገጫ ላይ አንድ እግሬን አሳረፍኩ። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ከዚያ ዱብ።

ምንኛ ያማረ አስተራረፍ ነበር። ዘበኛው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ፊሽካው ጮኸ።

ባለፊሽካዋ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ከእኔ ትከሻ አትዘልም፤ ግን ያኔ ቁልቁል ያየችኝ መሰለኝ። «መዝለል ለምን ጥፋት ሆነ?»

ገጹን በቃሌ ስለማውቀው አነበነብኩላት። ክብደት ከዚህን ያህል ከፍታ ሲወርድ ምን ያህል እጥፍ እንደሚሆን፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ፣ ወገቡ ምን እንደሚደርስበት።

«ይህ የመጽሐፍ ነው» አለች። «አንብበሽዋል፣ ግን ዘለልሽ። አላመንሽውም ማለት ነው። የምታምኚውን ንገሪኝ።»

የስምሪት ኃላፊው ሰዓቱን አየ። እኔ አጥሩን አየሁ። አባቴ ሽቦውን አልለቀቀም። አሥር እርምጃ ነው የሚርቀው፤ በሹክሹክታ ካላወራሁ በቀር ይሰማል። እኔ ደግሞ ሹክሹክታ አልተፈጠረልኝም። ዝም ብል ዓመቱ ሊያልፍ ነው፤ ብናገር ደግሞ እቤታችን ለስንት ዓመት ሸፍነን ያስቀመጥነውን ነገር ሜዳ ላይ ላሰጣው ነው።

«አጥሩ ጋ የቆመው ሰውዬ አባቴ ነው» አልኩ። «ከዚህ ዓይነት መኪና፣ ከዚህችው መርገጫ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ ይዘል ነበር። በዓመት ሦስት መቶ ቀን። ሠላሳ አንድ ዓመት። መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ጊዜ ነው። ጭነቱን የተሸከመው መኪናው ነው፤ እሱን የተሸከመው ግን ጉልበቱ ነው። ዛሬ ሦስት ደረጃ በጎኑ ነው የሚወርደው። እቤት ብርድ ነው እንላለን። ብርድ አይደለም።»

የፍሬቻ ዓይን እንኳ መርገብገቧን ተወች።

ባለፊሽካዋ አጥሩን ትንሽ አየችና ወደ እኔ ተመለሰች። «ሒሳቡን መቼ ሠራሽው?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት።»

«እና ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ዛሬም ዘለልሽ?»

«እያየኝ ስለነበር ነው» አልኳት። «አሁን ግን ሰምቶኛል።»

«ውሃ ጠጪ» አለች። «ከአንድ ትጀምሪያለሽ።»

የስምሪት ኃላፊው «አራተኛውን ሰው እኮ በሌላ…» ብሎ ጀመረ። እሷ ዞር ብላ አላየችውም። «የእርስዎ ተራ ሲደርስ እርስዎንም አወጣዎታለሁ» ብላ ሰዓቷን አስተካከለች። ሰውየው እጆቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሁለተኛው አምስት እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ጭኔ ከሳጥኑም ከመጀመሪያው መውጣትም የተረፈው ብቻ ነው ያለው፤ እጄ አልቦታል፣ እጀታው ያዳልጣል። ደግሞ ልብ ሲሮጥ ምቱ እንዳያልፍ መጠንቀቅ አለ። በየመርገጫው ቆሜ አንድ ትንፋሽ ወሰድኩ። እጅ፣ እግር፣ እጅ። ጀርባዬን ለግቢው ሰጥቼ፣ ፊቴን ከበሩ ብረት ጋር አጋጥሜ ወረድኩ። ብረቱ ፀሐይ ጠጥቶ ይፋጃል።

ካለፉት አንዱ «እንደ እናቴ ነው እኮ የምትወርጂው» አለኝ ሦስተኛው ላይ።

«እናትህ ታድላለች፤ ጉልበቷ ደህና ነው ማለት ነው» አልኩት ፊቴን ሳላዞር።

አራተኛውን ጨረስኩ። «ምቷ ወደ ላይ እየሄደ ነው» አለች ነርሷ። አምስተኛውን ወጥቼ ጋቢናው አፍ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሆኖ መዝለል ከመውረድ ይቀል ነበር፣ አንዴ ለቀቅ ማድረግ ብቻ ነው። ወደ አጥሩ አላየሁም። ሰውነቴን አዞርኩና እግሬን ወደ ታች ላክሁት፤ የመጀመሪያዋን መርገጫ ፈልጎ አገኛት። እጄን አወረድኩ። ሁለተኛዋን መርገጫ አገኘኋት። እዚያች ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ የማውቃት መርገጫ ናትና። ከዚያ ሦስተኛዋን ረገጥኩ፣ አንድ እግሬን መሬት አስነካሁ፣ ሌላውን አስከተልኩ። ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ፊሽካውም አልተሰማም። ነርሷ ምቴን ስታነብ ከተፈቀደው በሁለት ያንስ ነበር። ባለፊሽካዋ ፎርሜ ላይ ፈርማ ሰጠችኝና «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ባያይሽም እንዲሁ ነው» አለች።

«ይገባኛል፣ እትዬ።»

የስምሪት ኃላፊው ወረቀቱን ተቀበለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ እኔንም እንዲሁ። «ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት» አለ።

«በአሥራ አንድ ተኩል እመጣለሁ፤ እርስዎ እስኪደርሱ ጎማውን አያለሁ።»

በሩ ጋ ስደርስ አባቴ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘበኛው የራሱን ጫማ በጣም በጥንቃቄ ያያል።

«አለፍኩ፣ አባዬ።»

«አይቻለሁ።»

በሁለት ጊዜ ተነሳ። ክንዴን ልሰጠው ስል ያዘው፤ ሌላ ጊዜ አይዘውም። መንገዱን ተያያዝነው። ሱቆቹን አለፍን፣ ጎማ ጠጋኙን አለፍን፣ ነዳጅ ማደያውን አለፍን። ስንት ነገር ለመናገር አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁ አልቆጠርኩም። እኔ አፌን ስዘጋ ማየት ለሰፈሬ ሰው ብርቅ ነው።

የመኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ሃያ ነው ያልሻት?»

«ምኑን?»

«በቀን። ሃያ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ሃያ ረጅም መንገድ ስወጣ ነው» አለ። «ከተማ ውስጥ ስንጭን፣ ስናራግፍ ስንውል እስከ አርባ ይደርሳል። ለሰው ስታወሪ አታሳንሺኝ።»

«እሺ። አርባ።»

«አርባ» አለና ጉልበቱን አንዴ በመዳፉ መታ አደረገው፤ እንደ ሥራ ባልደረባ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ብርድ የሚባል ነገር የተነሳው በክረምት ብቻ ነው።

ማታ እናቴ ሁሉንም ከእሱ አፍ ሰማች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ካልዘለልሽ መምጣትሽን በምን አውቃለሁ?»

«ጡሩምባ አለኝ፣ እማዬ። ሁለቴ እነፋለሁ።»

የመጀመሪያውን ጭነት አራግፌ የተመለስኩ ዕለት መኪናውን በራችን ፊት ለፊት አቆምኩ። ፍሬኑ ተነፈሰ። ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋሁ፤ የጎረቤት ውሻ ሁሉ መለሰልኝ። ከዚያ ጀርባዬን ለሰፈሩ ሰጥቼ መውረድ ጀመርኩ፤ እጅ፣ እግር፣ እጅ። የቤታችን በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ፊቴ ወደ መኪናው ስለሆነ ማን እንደወጣ አላየሁም። ግን የበረንዳውን ደረጃ ቀስ ብሎ፣ እንደ እኔ አንድ በአንድ ሲወርድ ሰማሁት። አንድ። ሁለት። መሬት የነካነው እኩል ነው።